ከዕዳው በፊት ስሙን አንብቢ

ስልኩን አስቀምጪው እስቲ። አፑ ላይ ያየሽው ቁጥር ዛሬ አይፈይድልንም። ከ300 እስከ 850 ባለው መሃል ከፍ ዝቅ እያለ የሚያስደነግጥሽ ስኮር የሚሰላው ከማህደርሽ ነው፤ ማህደሩ ውስጥ የሌላ ሰው ነገር ከገባ ስኮሩም የሌላ ሰው ነው። ወደ ኮምፒውተሩ ዙሪና ሪፖርቱን ከመጀመሪያው ገጽ እናንብበው። አይ፣ ወደ ዕዳው አትሩጪ። ከላይ፣ ስምሽ ካለበት።

ሦስቱንም አውርደሻል አይደል? ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያን፣ ትራንስዩኒየን። አንዱን ብቻ አይቶ መተው ዋጋ የለውም። ሦስቱ የክሬዲት ቢሮ የሚባሉ ተፎካካሪ ኩባንያዎች ናቸው፤ አንዱ የያዘውን ሌላው ላይይዝ ይችላል፣ አንዱ ጋ የታረመው ስህተት ሌላው ጋ ተደላድሎ ተቀምጦ ታገኚዋለሽ። ያወረድሽበትም ቦታ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም መሆኑን አረጋግጪ። ሕጉ የሚያውቀው እሱን ነው። ድሮ በዓመት አንዴ ነበር በነጻ የሚሰጡት፤ በኮሮና ጊዜ በየሳምንቱ አደረጉት፣ በ2023 ደግሞ በዚያው እንዲጸና ወሰኑ። ገና ስትገቢ የክሬዲት ካርድ ቁጥር ከጠየቀሽ የሰው ቤት ነው የገባሽው፣ ውጪ። ስሙን የሚያስመስሉ ብዙ ናቸው።

ያ የመኪናው ደብዳቤስ የት ሄደ? አበዳሪው ‘ሎኑ አልተፈቀደም’ ብሎ የላከልሽ። ጥለሽው ከሆነ ተነሽና ከቆሻሻው ውስጥ አውጪው። ሪፖርት አይቶ የከለከለሽ አበዳሪ ሪፖርቱን ከየትኛው ቢሮ እንዳገኘ ሊነግርሽ ግዴታው ነው፤ አንቺም በ60 ቀን ውስጥ ከዚያው ቢሮ ነጻ ቅጂ መጠየቅ ትችያለሽ። በየሳምንቱ ነጻ ከሆነ ደብዳቤው ምን ያደርግልኛል ትዪኝ ይሆናል። ለሌላ ነገር ነው የሚፈለገው፣ እደርስበታለሁ። ለጊዜው ፎልደር ውስጥ አስገቢው።

በይ አሁን ስምሽን አንብቢልኝ። ስንት ዓይነት አጻጻፍ ይታይሻል? እዚህ ጋ የአባባ ስም መጨረሻ ላይ ‘ኢ’ አለው፣ እዚህ ጋ የለውም። ቀጥሎ የአያታችን ስም መጨረሻ ላይ ገብቶ አባባ የመሃል ስም ሆኗል፤ ይሄ መጀመሪያ የተቀጠርሽበት ቤት ይመስለኛል፣ ፎርሙን የሞላልሽ ሰው ‘ላስት ኔም’ ሲባል መጨረሻ ያየውን ጽፎልሽ። ይሄኛውን ደግሞ እዪው፦ ‘ኤች’ ብሎ አንዲት ፊደል፣ ከዚያ የአባባ ስም። ኤች ማን ናት? አንቺም ነሽ፣ እኔም ነኝ።

ችግሩ የሚፈለፈለው እዚህ ነው። የዚህ አገር ማህደር የተሠራው ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም አለው በሚል ነው። እኛ ጋ የለም። እኔና አንቺ አባታችንን ይዘናል፣ አባባ አያታችንን፣ እማዬ ደግሞ የራሷን አባት፤ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ‘ላስት ኔም’። በዚያ ላይ ተስፋዬ፣ ከበደ፣ አበበ የሚባሉ አባቶች ልጆች መች ተቆጥረው ያልቃሉ? ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አፓርታማ ውስጥ ጭራሽ የማይተዋወቁ ሰዎች በወረቀት ሲታዩ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። የልደቱን ነገር ስትጨምሪበት ጉድ ነው። እኛ ቀኑን እናስቀድማለን፣ እነሱ ወሩን፤ አንዱ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለብጥ በቀን ይስታል፣ በስደተኝነት የመጣው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ቀንና ወር ስላልነበረ ጃንዋሪ 1 ተብሎለታል። እንግዲህ ማሽኑ ምን ያድርግ? ተመሳሳይ ፊደል፣ ተመሳሳይ አድራሻ፣ ተቀራራቢ ልደት ሲያይ አንድ ሰው ናቸው ብሎ ይጠርዛቸዋል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ እየተለያየ? አዎ፣ እየተለያየም። አንድ አኃዝ ሲሳሳት ሰው እንዳይጠፋበት ተብሎ ማዛመጃው ልል ተደርጓል፤ የልልነቱ ዋጋ የሚወድቀው ደግሞ እኛን በመሰለው ላይ ነው።

ወደ አድራሻው ውረጂ። ይሄ አሌክሳንድሪያ ያለው ቤት አንቺ ከመምጣትሽ በፊት እኔ የኖርኩበት ነው። አንቺ ያኔ አዲስ አበባ ዩኒፎርም ለብሰሽ ትምህርት ቤት ትሄጂ ነበር! ቀጥይ። ይሄ የሱቅ ካርድም የኔ ነው፣ የተከፈተበትን ወር እዪ፤ ሶሻልሽ ገና ሳይወጣ የተከፈተ ካርድ በስምሽ ተመዝግቧል። ‘ባግባቡ የተከፈለ ነው፣ ስኮሬን ያሳድግልኛል፣ ልተወው’ እንዳትዪ። እሱን ያስገባው ቀዳዳ ሌላም ያስገባል። ይኸውልሽ፣ ታች ያለው ኮሌክሽን። ሰብሳቢው ድርጅት ተጽፏል፣ ጎኑ ላይ ሕክምና ይላል፣ ከሺህ ዶላር በላይ ነው። ያንቺ አይደለም፣ የኔም አይደለም። ከ2022 ወዲህ ሦስቱ ቢሮዎች ተከፍሎ ያለቀን የሕክምና ኮሌክሽን አውጥተዋል፣ ያልተከፈለውንም ዓመት ሳይሞላው አያስገቡም፤ በ2023 ደግሞ ከ500 ዶላር በታች የሆነውን ጣሉት። ይሄ ከዚያ ሁሉ አልፎ የቀረ ነው።

አሁን አንድ ነገር አስቢልኝ። ይሄን ዕዳ የተሸከመች፣ ስሟ ያንቺን የመሰለ አንዲት ሴት አንድ ቦታ አለች። ታማ ነበር፣ አልከፈለችም፣ ለማን ስንት ዕዳ እንዳለባት እኛ ሳሎን ቁጭ ብለን እያነበብን ነው። ያንቺስ ምኑ እሷ ጋ እንዳለ ታውቂያለሽ? ሰው የሪፖርት ስህተትንና የግል ምስጢርን ሁለት ነገር ያደርጋቸዋል። እኔ እንደማየው አንድ ናቸው፤ ያንቺ ያልሆነ ነገር ማህደርሽ ውስጥ ሲገባ የሌላ ሰው ምስጢር ከቤቱ ወጥቷል ማለት ነው፣ ወይም ያንቺ።

ይሄ ‘ስም ስለተመሳሰለ’ የሚባል ነገር የት ድረስ እንደሚሄድ ላሳይሽ። በ2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ ራሚሬዝ የሚባል ሰው ከሚስቱና ከአማቱ ጋር ኒሳን ሊገዛ ይሄዳል። ሻጩ ሪፖርቱን አውጥቶ ሲያይ ‘ስምህ የአሸባሪዎች ዝርዝር ውስጥ አለ፣ ላንተ አንሸጥም’ ይለዋል። ትራንስዩኒየን የሰዎችን ስም መንግሥት ካወጣው የታገዱ ሰዎች ዝርዝር ጋር ሲያስተያይ የሚያየው የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ብቻ ነበር፤ የልደት ቀን እንኳ አያመሳክርም። መኪናው በሚስቱ ስም ተገዛ። ሰውየው ግን ዝም አላለም፣ ከሰሰ፤ እሱን ጨምሮ 8,185 ሰዎች እንዲህ ምልክት ተደርጎባቸው ተገኙ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2021 በአንድ ድምፅ ብልጫ፣ አምስት ለአራት፣ ተወሰነ። ካሣ መጠየቅ የቻሉት ምን ያህሉ መሰሉሽ? 1,853ቱ ብቻ፤ ሪፖርታቸው ተልኮ ሌላ ሰው ዓይን ውስጥ የገባው። የቀሩት ስማቸው ያው ቢበከልም ‘ማንም ካላየው ምን ተጎዳችሁ’ ተባሉ። ፍርዱ እኔን ያናድደኛል፣ ቢሆንም ሕጉ አሁን ይኸው ነው። የመኪናውን ደብዳቤ አትጣዪ ያልኩሽ ለዚህ ነው። የተበላሸው ማህደርሽ ከቢሮው ወጥቶ አበዳሪ ዘንድ መድረሱን፣ እሱም አይቶ እንደከለከለሽ የሚመሰክርልሽ ያቺ ወረቀት ናት።

ቢሮዎቹ መንግሥት መስለውሽ እንዳትፈሪያቸው ደግሞ። ነጋዴዎች ናቸው። ኢኩፋክስ በ1899 አትላንታ ላይ በሌላ ስም ሲጀመር ሥራው ለነጋዴ ማን ይከፍላል ማን አይከፍልም እያሉ መጽሐፍ ማሳተም ነበር፤ እያደገ ሲሄድ የሰውን መጠጥ፣ ትዳርና ጠባይ ሳይቀር ከጎረቤት እያጠያየቀ ይመዘግብ ጀመር። ሰው ተማረረና ኮንግረስ በ1970 ሕግ አወጣ። ዛሬ ማህደርሽን የማየት፣ ስህተቱን የመቃወም መብት ያለሽ ከዚያ ሕግ ነው። ስህተቱም ብርቅ አይደለም፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2012 ለኮንግረስ ባቀረበው ጥናት ከአምስት ሰው አንዱ ቅሬታ አቅርቦ ቢያንስ አንዱ ሪፖርቱ ላይ ማረሚያ ተደርጎለታል።

ያንቺ ደግሞ ይብሳል፤ ማህደርሽ ስስ ነዋ። አገር ቤት እቁብ ሳታጎድዪ የጣልሽው፣ ባንክ የነበረሽ ስም፣ አንዱም እዚህ አይቆጠርም። ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ላይ አንድ የማይመለከተው ኮሌክሽን ቢለጠፍ ሌላው ይሸፍንለታል። አንቺ ላይ ግን ሁለት ካርድና አንድ የስልክ ሂሳብ መሃል ሲቆም ሌላ ነገር አይታይም።

ቆይ፣ ይሄኛውን መኪናስ ለምን ከበብሽው? የአጎታችን ልጅ መኪና አይደለም እንዴ፣ አንቺ ኮሳይን ያደረግሽለት? እሱ ስህተት አይደለም፣ የኔ እህት። ስትፈርሚ ዕዳው ያንቺም ሆኗል፤ እሱ ያዘገየው ክፍያ ለሰባት ዓመት አንቺ ላይ ይታያል። አውቃለሁ፣ ‘ዘመድ ነው፣ እንዴት እምቢ እላለሁ’ ብለሽ ነው። ከእሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ እንጂ ደብዳቤው ውስጥ እንዳታስገቢው። እውነቱን ከሐሰቱ ጋር ቀላቅለሽ ‘ሁሉም የኔ አይደለም’ ካልሽ የሐሰቱንም ማንም አያምንሽም።

እሺ፣ አሁን ደብዳቤው። በኢንተርኔት ‘ዲስፒውት’ የሚለውን ተጭኜ ልገላገል ማለትሽ አይቀርም። የተሳሳተ የስልክ ቁጥር ቢሆን እሺ እልሽ ነበር። ያንቺ ግን የሁለት ሦስት ሰው ማህደር ተቀላቅሎ ነው፣ እዚያ ያሉት ምርጫዎች ደግሞ ይህን ለማስረዳት አይበቁሽም። ቅሬታሽ በአብዛኛው በአጭር ኮድ ተጠቅልሎ ነው ለአበዳሪው የሚሄደው። አበዳሪው ኮዱን ያያል፣ ስምና አድራሻውን ራሱ ከያዘው ጋር ያስተያያል፣ ይገጥምለታል፣ ‘ተረጋግጧል’ ብሎ ይመልሳል። እንዴት አይገጥም፣ መጀመሪያውኑ የሰጣቸው እሱ ነው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

በወረቀት ጻፊ፣ አጭር አድርጊው። እንዴት እንደመጣሽ፣ ዲለሩ ምን እንዳለሽ፣ ስንት ሌሊት እንዳልተኛሽ አትተርኪላቸው። ከላይ ሙሉ ስምሽን ልክ ሶሻል ካርድሽ ላይ እንዳለው፣ የልደት ቀንሽን፣ አድራሻሽን። የመጀመሪያው መስመር ‘ማህደሬ ከሌላ ሰው ማህደር ጋር ተቀላቅሏል’ ይበል። ከዚያ አንድ በአንድ፦ እነዚህ የስም አጻጻፎች የኔ አይደሉም፣ ይሰረዙ። እዚህ አድራሻ ኖሬ አላውቅም፣ በዚያ ዓመት አሜሪካ አልነበርኩም። ይህ ካርድ የተከፈተው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ይህ የሕክምና ዕዳ የኔ አይደለም። ለእያንዳንዱ ማስረጃውን ከጎኑ። ወደ አገር የገባሽበት ማኅተም ያለበት ገጽ፣ መታወቂያሽ፣ አድራሻሽን የሚያሳይ የመብራት ወይም የስልክ ሂሳብ፣ የራሳቸው ሪፖርት ስህተቱ በእስክሪብቶ ተከቦ። ቅጂውን ነው እንጂ ዋናውን እንዳትልኪ። የሱቁ ካርድ የኔ ስለመሆኑ እኔ ፈርሜ እሰጥሻለሁ። እኔም የራሴን ሦስቱን አወጣለሁ፤ የኔ አንቺ ጋ ከገባ ያንቺም እኔ ጋ ተሰክቶ ይሆናል።

ስም ከዕዳው በፊት ይሰረዝ የምልሽ ለምን መሰለሽ? ኮሌክሽኑን ብቻ አስወጥተሽ ‘ኤች’ የምትለዋን አጻጻፍና የአሌክሳንድሪያውን አድራሻ ብትተዪ፣ ሰብሳቢው በሚቀጥለው ወር መረጃ ሲልክ ማሽኑ በዚያው በር ይመልሰዋል። የወጣ ዕዳ ተመልሶ መጣ እያለ የሚያማርር ሰው ብዙ ጊዜ በሩን ሳይዘጋ ነው የወጣው።

ፖስታ ቤት ሄደሽ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ የተቀባይ ፊርማ ተመላሽ ተደርጎ ላኪው። ደረሰኙን ከደብዳቤው ቅጂ ጋር በስቴፕል ምቺው። ቢሮው ከደረሰው ቀን ጀምሮ 30 ቀን አለው፤ ከዚህ ከነጻው ዓመታዊ ሪፖርት ተነስተሽ ከሆነ ወይም መሃል ላይ ተጨማሪ ማስረጃ ከላክሽ 45 ሊሆን ይችላል። ያጣራውን ውጤት በጽሑፍ ሊነግርሽ ግድ ነው፣ ያላረጋገጠውንም ማውጣት አለበት። ለሱቁና ለሰብሳቢውም ቅጂ ላኪ፣ ግን ለእነሱ ብቻ ጽፎ መቀመጥ አይበቃም። በግልሽ ልትከሻቸው የምትችይበት የማጣራት ግዴታ የሚጀምረው ቅሬታሽ በቢሮው በኩል ሲደርሳቸው ነው፤ ይህን ሳያውቅ ከሰብሳቢው ጋር በስልክ ሲጨቃጨቅ ዓመቱን የጨረሰ ስንት ሰው አለ። ስልኩንስ ተዪው። ‘ትንሽ ብቻ ክፈይና እናጠፋልሻለን’ ቢሉሽ ያንቺ ላልሆነ ዕዳ አምስት ዶላር እንዳትሰጪ።

‘ተረጋግጧል’ ብለው ቢመልሱልሽ እንዴት እንዳረጋገጡ ጠይቂ፤ በ15 ቀን ውስጥ ማስረዳት አለባቸው። መቶ ቃል ያህል መግለጫ ከማህደርሽ ጋር ማያያዝ ትችያለሽ ይሉሻል፤ መብት ነው፣ ግን ስኮሩን የሚያሰላው ማሽን አያነበውም፣ እኔ አልደክምበትም። ከዚያ ይልቅ ለሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ፣ ሲኤፍፒቢ ለሚሉት፣ አቤት በዪ፤ ዋሽንግተን ያለው ፖለቲካ ወዲህ ወዲያ ቢያንገላታውም የአቤቱታ መንገዱን ሞክሪው፣ የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮም አለ። ያም ካልሆነ የሸማቾች ጠበቃ። ካሸነፍሽ የጠበቃውን ኩባንያው እንዲከፍል ሕጉ ስለሚል ብዙዎቹ በቅድሚያ ገንዘብ አይጠይቁም።

ሌባ ነው ብለሽ ደግሞ ገና ለገና ፖሊስ ጋ አትሂጂ። ማንነትሽን የሰረቀ ሰው ካለ መንገዱ ሌላ ነው፤ አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ ላይ ቃልሽን ሰጥተሽ በዚያ ወረቀት ቢሮዎቹ በአራት የሥራ ቀን ውስጥ ዕዳውን እንዲያግዱ ማድረግ ይቻላል። ፈጣን ነው ተብሎ ላልተሰረቀ ነገር ተሰርቄያለሁ ብሎ መፈረም ግን ያስጠይቃል። ያንቺ እስካሁን የሚመስለው ቅልቅል ነው።

የመጨረሻውን ገጽ ሰው አያየውም፣ አንቺ እዪው። ማህደርሽን ማን እንዳየ እዚህ ተጽፏል። የተከለከልሽበት የመኪና ሎን ይኸው፤ አንድ ቀን ዲለር ቤት ቁጭ ብለሽ ስንት አበዳሪ እንደተላከ ተመልከቺ። በአጭር ቀናት ውስጥ ለአንድ መኪና የተጠየቀውን ስኮሩ እንደ አንድ ይቆጥረዋል፣ አትደንግጪ። የማታውቂው ስም ካለ ግን ጠይቂ። ማንም እየተነሳ ማህደርሽን መክፈት አይችልም፤ ሎን መጠየቅሽ፣ ቤት መከራየትሽ፣ ኢንሹራንስ መግዛትሽ የመሰለ ሕጉ የሚያውቀው ምክንያት ያስፈልገዋል። ቀጣሪ ደግሞ አንቺ በጽሑፍ ሳትፈቅጂ አያይም።

ወደ ሰዉ ነገር ልምጣ፤ ከማሽኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ባለፈው ሰሞን ‘ክሬዲት እናጸዳለን’ የሚል የቴሌግራም ቻናል ልከሽልኝ ነበር። ‘የኛው ልጅ ነው፣ እከሊትን አስተካክሎላታል’ ብለሽ። ምን ጠየቀሽ? ሶሻልሽን፣ የመንጃ ፈቃድሽን ፎቶ፣ የኢሜይልሽን የይለፍ ቃል፣ አምስት መቶ ዶላር በዜል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራን ሰው የሚገዛ ሕግ ከ1996 ጀምሮ አለ፦ ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ መቀበል አይችልም፣ ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ አንቺም በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ማፍረስ ትችያለሽ። የኛው ልጅ ቅድሚያ ብር ሲል ሕጉን እየጣሰ ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት እውነቱንም ሐሰቱንም ባንድ ላይ መቃወም ነው፤ ለጊዜው ይወጣል፣ ሲጣራ ይመለሳል፣ እሱ ያኔ ስልኩን አያነሳም። በሶሻል ፋንታ የምትጠቀሚበት ሌላ ዘጠኝ አኃዝ እሰጥሻለሁ የሚል ከመጣ ደግሞ ቁጥሩ የሕፃን ወይም የሞተ ሰው ሶሻል ሊሆን ይችላል፣ በእሱ ፎርም ሞልተሽ ብትፈርሚ ወንጀለኛዋ አንቺ ነሽ።

የቤተሰቡ ቫይበር ግሩፕ ላይ የለጠፍሽውን የሶሻል ካርድ ፎቶም አጥፊው። አዎ፣ አይቼዋለሁ፤ ለታክስ ሠሪው ላኩልኝ ብለሽ። በዚያ ግሩፕ ስንት ሰው፣ ስንት የጠፋ ስልክ እንዳለ ማን ያውቃል? ታክስ የሚሠራልሽ ሰው ያስፈልገዋል፣ ሄደሽ አሳዪው። ሐኪም ቤት ፎርም ላይ ሶሻል የሚል ቦታ ሁሉ መሞላት የለበትም፤ ባዶውን ተዪውና ‘ለምን ይፈለጋል’ ብለሽ ጠይቂ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ እሱ ያልፋል። በምትልኪው ደብዳቤም ላይ ለቢሮዎቹ ሙሉውን ብትጽፊ ማህደርሽን ለመለየት ነው፤ ለሱቁና ለሰብሳቢው የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ይበቃሉ። የባንክ ወረቀት የአድራሻ ማስረጃ ካደረግሽ የሂሳብ ቁጥሩን በማርከር ሸፍኚው።

አንቺ ብትጠነቀቂም ግን ቢሮዎቹ ራሳቸው አይጠነቀቁም። በ2017 ኢኩፋክስ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ቀዳዳ እንዳለው ተነግሮት፣ መድፈኛው ወጥቶ ሳለ፣ ሳይደፍን ቀረ፤ ሌቦች ገብተው ወደ 147 ሚሊዮን ሰው ስም፣ ልደት፣ አድራሻና ሶሻል ወሰዱ። ከእነዚያ ውስጥ አብዛኛው መረጃዬን ያዙልኝ ብሎ አልሰጣቸውም ነበር።

ስለዚህ መዝጋት ነው። ክሬዲት ፍሪዝ ይሉታል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ በሕግ ነጻ ነው። ሦስቱ ጋ ለየብቻ ታደርጊዋለሽ፤ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከጠየቅሽ በአንድ የሥራ ቀን መዝጋት፣ ስታስከፍቺ ደግሞ በአንድ ሰዓት መክፈት አለባቸው። ስኮርሽን አይነካም፣ ያሉሽ ካርዶች ይሠራሉ፤ በስምሽ አዲስ ዕዳ ሊከፍት የሚመጣ ብቻ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። በየወሩ ገንዘብ የሚያስከፍል ‘ሎክ’ ሊሸጡልሽ ይሞክራሉ፣ እሱን እለፊው። የእኔን ልጆችም ዘግቼላቸዋለሁ፤ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ወላጁ ማዘጋት ይችላል። የሕፃን ሶሻል ሌባ ይወዳል፣ እስኪያድግ ማንም አያየውማ።

በየቀኑ ፖስታ ሳጥንሽን የሚሞላው ‘ተፈቅዶልሻል’ የሚል የካርድ ማስታወቂያስ? የሚመጣው ቢሮዎቹ ስምሽን ዝርዝር ውስጥ አስገብተው ስለሚሸጡ ነው፤ አንቺ ያለሽበት ሕንጻ ደግሞ ሳጥኖቹ ግማሾቹ ቁልፍ የላቸውም። 1-888-567-8688 ደውይ፣ ለአምስት ዓመት ይቆማል፤ ፈርመሽ ወረቀት ከላክሽ ለዘለቄታው።

ማረሚያው ሲደርስሽ ሥራው አላበቃም። ባለፉት ስድስት ወራት ሪፖርትሽን ለወሰደ ሁሉ፣ ለሥራ ጉዳይ ከሆነ ባለፉት ሁለት ዓመታት ለወሰደ፣ የታረመውን እንዲያሳውቁ ጠይቂ፤ ካልጠየቅሽ አያደርጉትም። መኪናውን ከዚያ በኋላ ነው የምናየው፣ ዲለሩ ‘ዋጋው እስከ ቅዳሜ ነው’ ቢልሽም። ስንሄድ አበዳሪው ከየትኛው ቢሮ እንደሚያወጣ ቀድመሽ ጠይቂና እሱን ብቻ ለዚያ ቀን አስከፍቺ። በይ፣ ማተሚያው ወረቀት አለው? የስሙን ገጽ ከሦስቱም አውጪና እስክሪብቶ አምጪልኝ፤ ‘ኤች’ የምትለዋን እኔ ልክበባት።